ራሳችን ሲሻለው ጨጓራችንስ?

በረመዳን «ቀን ራሴን እንዳያመኝ» ብለን ለሱሑር ስንነሳ፣ ያውም በሻይ ብቻ፣ ዲክሎፌናክ የምንውጥ ጥቂት አይደለንም። ክኒኑ ግን የሚያመንን ቦታ ለይቶ አይሄድም፤ ከደም ገብቶ መላ ሰውነታችንን ያዳርሳል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው አስፕሪንና መሰሎቹ ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳሉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከመሰሎቹ ናቸው። ይህ ንጥረ ነገር ሕመምን ያባብሳል፤ ጨጓራችንን ከአሲድ የሚከላከለውም እሱው ነው። እናም ራሳችን ሲሻለው ጨጓራችን ሊቆስል ይችላል።

ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፤ ሆኖም አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ ከዋጠ ጉበቱን ሊጎዳው ይችላል። ትኩሳት ለያዘው ልጅ ደግሞ አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

ክኒን አዘውትሮ ሲወስድ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ሰው ጨጓራው እየደማ ሊሆን ይችላልና ሳያድር ሐኪም ይየው።