የቪዲዮ ፍጥነት ሲቀየር ድምፁ ምን ይሆናል?

ቪዲዮ በእጥፍ ፍጥነት ሲጫወት የድምፁ ሞገዶችም በእጥፍ ይፈጥናሉ፤ 200 ኸርዝ የነበረው 400 ኸርዝ ይሆንና ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይቀጥናል። በሴኮንድ 24 ምስል የተቀረጹ ፊልሞች ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በ25 ሲታዩ ድምፃቸው በመጠኑ ቀጥኖ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ዩቲዩብን የመሳሰሉ ማጫወቻዎች ግን ቅጥነቱን ሳይነኩ ርዝመቱን ብቻ ይለውጣሉ። ድምፁ በሚሊሴኮንድ በሚለኩ ቁርጥራጮች ይከፈልና ለማፍጠን ከፊሉ ይጣላል፣ ለማዘግየት ይደገማል፤ ጠርዞቹም ተደራርበው ይጋጠማሉ። ጥራቱ የሚጎዳው እዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። ንግግር 1.25 ወይም 1.5 እጥፍን በደንብ ይችላል። ሙዚቃ ቶሎ ይበላሻል፤ በተለይ የከበሮ ምት ይደበዝዛል ወይም ተደርቦ ይሰማል። ማዘግየት ብዙውን ጊዜ ይብሳል፦ በ0.5 ላይ ያልተቀረጸ ድምፅ መሞላት ስላለበት ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ የብረት ቃናም ይይዛል።