«ዱላው ነው!» «እጅህ ነው!» — የፑል ቤት ጭቅጭቅ ከየት ይመጣል?

አፍንጮ በርም ሆነ ፒያሳ ፑል ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ይቺን ነገር ታውቋታላችሁ። ዱላው ከነጯ ኳስ ላይ ሸርተት ይላል፣ ኳሷ ወዳልታሰበበት ትሄዳለች፣ የተሸነፈው ሒሳብ ይከፍላል። ተጫዋቹ «ዱላው ነው!» ይላል። ባለቤቱ «እጅህ ነው!» ይለዋል። እኛ እንደምናየው ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጫፉ ላይ የተለጠፈችው ትንሿ ቆዳ ናት።

ድሮ ዱላው ባዶ እንጨት ነበር። ቆዳዋን በማምጣት ስሙ የሚነሳው የዛሬ 200 ዓመት ገደማ የነበረ ፍራንሷ ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ነው። ቆዳዋ ኳሷን ለቅጽበት ያዝ ታደርጋለች፤ ጠመኔው ደግሞ እንዳትንሸራተት ይረዳታል። በምት ብዛት ስትጠቀጠቅ ግን ታብረቀርቃለች፣ ጠመኔም አይዛትም። ያኔ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ሻከር ማድረግ ነው። ቅርጿ የስሙኒን ጠርዝ ያህል ጎበጥ ትበል። ጠመኔውንም እንደ ቀለም ቀቡት እንጂ እያሽከረከራችሁ አትቦርቡሩት።

አልቃ ከሥሯ ወዳለው ነጭ ቀለበት ከተጠጋች መቀየር አለባት። ችላ ከተባለች ቀለበቱ ራሱ ኳስ እየመታ ይሰነጠቃል፤ የጠረጴዛው ጨርቅም ሊቀደድ ይችላል። የጨርቅ ዋጋ ደግሞ ከቆዳ ዋጋ ጋር አይገናኝም።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። አሮጌዋን በምላጭ አንሱና የቀለበቱን ፊት ከድሮው ማጣበቂያ አጽዱት፤ ሜዳ ካልሆነ አዲሷ ቶሎ ትፈነገላለች። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የአዲሷን ሥር በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ፣ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጨምራችሁ መሃል ላይ ተጫኑ። በደንብ ሲደርቅ ጫፉን ወደታች ጣውላ ላይ አስደግፋችሁ ትርፉን በምላጭ ከርክሙ፤ ምላጩ ቀለበቱን እንዳይነካ። ስትገዙ ልኩን እዩ፦ የፑል ዱላ ጫፍ በአብዛኛው ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ የስኑከር ከ9 እስከ 10።

እንጨቱ በላብና በጠመኔ ከተያያዘ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ወዲያው በደረቅ ድገሙት። በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግን እንጨቱን ያቀጥነዋል። ዱላ ተባለ እንጂ ለጠብም አልተሠራም፤ መጋጠሚያው ከላላ ብዙ አይቆይም።

የጎበጠውን ጉልበት ላይ ተጭኖ ማቃናት አያዛልቅም። በተለይ ክረምት ላይ እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ አይደር፤ መደርደሪያው ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጨዋታ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ርዝመቱን እዩት፣ ከጎበጠ ሌላ አምጣ በሉ።