ለደም መንገድ የሚያትሙት መሐንዲስ

ባዮማቴሪያል ከሕያው አካል ጋር ተስማምቶ እንዲሠራ የተዘጋጀ ቁስ ነው። ባዮፕሪንቲንግ ደግሞ ሕያዋን ህዋሳትንና እንዲህ ያሉ ቁሶችን እንደ ቀለም ተጠቅሞ፣ በኮምፒውተር በሚመራ ማተሚያ ህብረ ህዋስ የመሥራት ጥበብ ነው። በዚህ መስክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ ተመራማሪዎች አንዷ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ጄኒፈር ሉዊስ ናቸው።

የፕሮፌሰሯ መነሻ ሴራሚክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሴራሚክ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1991 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በኢሊኖይ እያስተማሩ ለዓመታት የመረመሩት ጥያቄ ይህ ነው፦ በቀጭን አፍ ሲገፋ የሚፈስ፣ ከወጣ በኋላ ግን ቅርጹን ይዞ የሚቆም ቀለም እንዴት ይዘጋጃል?

ከዚህ ጥያቄ ኋላ የሚወገድ ቀለም ተወለደ። በ2003 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት የቀጫጭን መስመሮች መረብ አትመው፣ ዙሪያውን በፈሳሽ ሙጫ ሞሉት። ሙጫው ሲደርቅ ቀለሙን አቅልጠው አወጡትና ባዶ ቱቦዎች ቀሩ። መስቀል የሚሠራ አንጥረኛ ዘዴውን ያውቀዋል፤ ሰሙ በጭቃ ተሸፍኖ በእሳት ይቀልጣል፣ ቦታውንም ለብረቱ ይለቃል። በ2007 እንዲህ ያለ መረብ ሲሰነጠቅ ራሱን ደጋግሞ ለሚጠግን ፕላስቲክ ዋለ።

ህብረ ህዋስ አታሚዎችን ያስቸገረው ችግር ቱቦ የሚፈልግ ነበር። አብዛኞቹ ህዋሳት ከቀጭን የደም ስር ከ0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ከራቁ በቂ ኦክስጅን አያገኙም፤ ስለዚህ ወፍራም ህትመት ከውስጥ ይሞታል። ፕሮፌሰሯ በ2013 ወደ ሃርቫርድ ተዛውረው በቀጣዩ ዓመት መፍትሔ አሳዩ። የተጠቀሙበት ቀለም ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ ህዋሳቱን የያዘው ቁስ እንደረጋ ቀለሙ ይወጣል፣ ባዶውም ቦታ የደም ስርን ውስጠኛ ግድግዳ በሚሠሩ ህዋሳት ይለበጣል። በ2016 ቡድናቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ህብረ ህዋስ ውስጥ መጋቢ ፈሳሽ ከ6 ሳምንት በላይ አዘዋወረ። በዚያው ዓመት የኩላሊት ቱቦን አስመስለው ሠሩ፤ መድኃኒት ኩላሊትን መጉዳቱን በዚህ ላይ መመርመር ይቻላል።

በ2019 ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ከግንደ ህዋስ የተገኙ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የህዋስ ጓሎችን በአንድነት አጭቀው፣ ቀዝቅዞ ሳለ የጄላቲን መስመሮችን አተሙበት። ጄላቲኑ በ37 ዲግሪ ሲቀልጥ መተላለፊያው ይከፈታል። በዚህ ዘዴ የተሠራ የልብ ህብረ ህዋስ በ7 ቀናት ሂደት ተዋህዶ በአንድነት መምታት ቻለ።

በአሜሪካ ብቻ ከ100,000 በላይ ሰዎች የንቅለ ተከላ ተራ ይጠብቃሉ። ታትሞ ለሕመምተኛ የሚተከል ሙሉ ኩላሊት ወይም ልብ ገና አልተደረሰበትም። ሆኖም የሴራሚክ መሐንዲሷ ሥራ ወፍራም ህብረ ህዋስን ከውስጥ መመገብ እንደሚቻል አረጋግጧል፤ ወደ ሙሉ አካል የሚያደርሰው ጥረት ሁሉ ያለዚህ እርምጃ አይራመድም።