ባትሪው ለአሥር ዓመት፣ ኔትወርኩስ?

የውኃ ቆጣሪ በቀን አንድ ጊዜ የሚልከው ንባብ ከአንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት አይበልጥም። ችግሩ ቆጣሪው የሚተከልበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ ወይም በብረት ክዳን ሥር ይቀበራል፤ በአጠገቡ የኤሌክትሪክ መስመር የለም፤ ባትሪ ለመቀየር ባለሙያ መላክም ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። የሞባይል ኔትወርክ ደግሞ የተሠራው በየቀኑ ቻርጅ ለሚደረግ ስልክ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞባይል ቴክኖሎጂ ደረጃዎችን የሚያወጣው 3ጂፒፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባጠናቀቀው 13ኛ እትሙ ሦስት አማራጮች አቀረበ፦ ኤንቢ-አይኦቲ፣ ኤልቲኢ-ኤም እና ኢሲ-ጂኤስኤም-አይኦቲ። የመጨረሻው በ2ጂ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ብዙ ኦፕሬተሮች 2ጂን ለመዝጋት በሚሰናዱበት ሰዓት ስለመጣ ገበያ አጣ። ፉክክሩም በሁለቱ መካከል ቀረ።

ሁለቱ መንገዶች

ኤንቢ-አይኦቲ ጠባብ ነው። የሚጠቀመው የሞገድ ስፋት 180 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ በ4ጂ ሞገድ ውስጥ፣ በ4ጂ ዳርና ዳር ባለው ክፍት ቦታ ወይም ከጂኤስኤም በተለቀቀ ቻናል ላይ ሊዘረጋ ይችላል። ትልቁ ኃይሉ ጥልቀት ነው፤ ከቀድሞው ጂፒአርኤስ በ20 ዴሲቤል የተሻለ እንዲደርስ ታስቦ ተሠርቷል፤ ይህም መቶ እጥፍ የደከመ ምልክት መያዝ ማለት ነው። ዘዴው ጉልበቱን በጠባብ ሞገድ ላይ ማሰባሰብና ያንኑ መልእክት ደጋግሞ መላክ ነው፤ መሣሪያው ወደ ማማው እስከ 128 ጊዜ፣ ማማው ወደ መሣሪያው እስከ 2,048 ጊዜ ሊደግም ይችላል። ዋጋው ዝግታ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ መረጃ የሚቀበለው በሰከንድ ወደ 26 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። መረጃ እያስተላለፈ ከአንድ ማማ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መደበኛ ርክክብም የለውም።

ኤልቲኢ-ኤም 1.4 ሜጋ ኸርዝ ይወስዳል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 1 ሜጋ ቢት ይደርሳል። ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ከማማ ወደ ማማ ያልፋል፤ ድምፅም ያስተላልፋል። ስለዚህ ለጭነት መኪና መከታተያ፣ ለአሳንሰር የአደጋ ጊዜ ስልክና በሰውነት ላይ ለሚታሰር የጤና መሣሪያ ይመቻል። ከመሬት በታች ሲገባ ግን ኤንቢ-አይኦቲን አይደርስበትም።

ጉልበት የሚያልቅበት ቦታ

ሁለቱም ባትሪ የሚቆጥቡት በእንቅልፍ ነው። አንደኛው ዘዴ ጥልቅ እንቅልፍ ነው፤ መሣሪያው ሬዲዮውን ዘግቶ ይተኛል፣ ኔትወርኩ ግን ምዝገባውን አይሰርዝም። በደረጃው መሠረት እንቅልፉ እስከ 413 ቀን ሊዘልቅ ይችላል፤ እስኪነቃ ድረስ ግን ማንም ሊያገኘው አይችልም። ሁለተኛው እየቆየ የሚያዳምጥበት ዘዴ ነው፤ ቢበዛ በኤንቢ-አይኦቲ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ፣ በኤልቲኢ-ኤም በየ44 ደቂቃው ብቅ ብሎ «የሚፈልገኝ አለ?» ይላል። ንባብ ብቻ ለሚልክ ቆጣሪ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ከርቀት ዝጋ የሚባል የውኃ ቧንቧ ግን ሁለተኛውን ይፈልጋል።

«አሥር ዓመት የሚቆይ ባትሪ» የሚለውን የሻጮች ቃል በቁጥር እንመልከተው። 5 ዋት-ሰዓት የያዘ ባትሪ ለአሥር ዓመት ሲከፋፈል ለቀን የሚደርሰው 4.9 ጁል ገደማ ነው። ሞደሙ በሙሉ ጉልበቱ፣ ማለትም በ200 ሚሊ ዋት ሲያስተላልፍ ከባትሪው ግማሽ ዋት ያህል ይስባል። እንግዲህ በቀን አሥር ሰከንድ ያህል ማስተላለፍ ብቻውን የዕለቱን ድርሻ ይጨርሳል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቆጣሪ በአንድ ጊዜ የሚያደርሰውን መልእክት ምድር ቤት ያለው ብዙ ጊዜ ሊደግመው ስለሚገደድ፣ ሞዴላቸው አንድ የሆነ ሁለት ቆጣሪዎች የባትሪ ዕድሜ በእጅጉ ሊራራቅ ይችላል።

ሶፍትዌር ማደስም ስሌቱን ይለውጠዋል። 500 ኪሎ ባይት የሚመዝን ማሻሻያ በ26 ኪሎ ቢት ፍጥነት ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል፤ ኤልቲኢ-ኤም በሙሉ ፍጥነቱ በአራት ሰከንድ ይጨርሰዋል። በየጊዜው መታደስ ላለበት መሣሪያ «ዝቅተኛ ኃይል» የሚባለው ሁልጊዜ ዘገምተኛው አይደለም።

ጎረቤቶቻቸው

ካት-1 ከመጀመሪያው የ4ጂ ደረጃ ጋር የመጣ ሲሆን በሰከንድ እስከ 10 ሜጋ ቢት ይቀበላል። በኋላ የታከለው ባለ አንድ አንቴና ዓይነት ዋጋውን ቀነሰው። ባትሪ በመቆጠብ ከሁለቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ተራ 4ጂ ባለበት ሁሉ ስለሚሠራ ኦፕሬተሩ የተለየ ዝግጅት እንዲያደርግ አይጠይቅም። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ከ2ጂና 3ጂ ለሚወጡ መሣሪያዎች መንገድ ሲያሳይ ዘገምተኛዎቹን ወደ ኤንቢ-አይኦቲ፣ መካከለኛዎቹንና ድምፅ የሚፈልጉትን ወደ ካት-1 መርቷል። ሬድካፕ የሚባለው ቀለል ያለ 5ጂ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በ17ኛው እትም የመጣ ሲሆን፣ ለካሜራና ለእጅ ሰዓት እንጂ ለውኃ ቆጣሪ የታሰበ አይደለም።

ፈቃድ በማይጠይቅ ሞገድ ላይ የሚሠራው ሎራዋን ከሞባይል ውጭ ያለ ተፎካካሪ ነው፤ እርሻ ወይም ፋብሪካ የራሱን መቀበያ ተክሎ ያለ ሲም ካርድ ይሠራበታል። ሌላው ተፎካካሪ ሲግፎክስ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በኪሳራ ምክንያት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገብቶ በዚያው ዓመት ዩናቢዝ ለተባለ ኩባንያ ተሸጧል።

ውሉ ላይ የሚጻፈው

ሞባይልም ቢሆን ዋስትና አይደለም። የጃፓኑ ዶኮሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረውን ኤንቢ-አይኦቲ በ2020 ዘጋው። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ እንደሚዘጋው አስታውቆ ደንበኞቹን ወደ ኤልቲኢ-ኤም መራ። በሁለቱም ኔትወርኮች ላይ ለነበሩ መሣሪያዎች ባትሪ የሚነገረው አሥር ዓመት ገና አልሞላም ነበር።

ስለዚህ ምርጫው ከፍጥነት ሠንጠረዥ አይጀምርም። መሣሪያው ይንቀሳቀሳል? ምን ያህል ጥልቅ ቦታ ይቀበራል? ከርቀት ይታዘዛል ወይስ ይናገራል ብቻ? እነዚህ ሲመለሱ አማራጩ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ያኔ ገዢው ከኦፕሬተሩ የሽፋን ካርታ ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ይጠይቅ። ኤንቢ-አይኦቲንም ኤልቲኢ-ኤምንም የሚችሉ ቺፖች ገበያ ላይ አሉ፤ ኦፕሬተሩ ቀኑን በጽሑፍ ካልሰጠ፣ ለእነዚህ ቺፖች የሚከፈለው ጭማሪ ሺህ ቆጣሪ ነቅሎ ከመተካት ይረክሳል።