ሾተላይ፡- የጽንስን ቀይ የደም ሴሎች የሚያወድመው ችግርና መከላከያው

በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የምትገኘው ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆረች፣ የጓንጓ ወረዳ ነዋሪዎች ለገበያም ለሕክምናም የሚመጡባት ከተማ ናት። በዚህ አካባቢም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች አንዲት እናት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ከተገላገለች በኋላ ተከታዮቹ ጽንሶች በማህፀን ሲሞቱባት ወይም የተወለዱት ሕፃናት በቀናት ውስጥ ሲቀጠፉባት በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ «ሾተላይ አለባት» ይባላል።

ቃሉ ለረጅም ዘመን ከክፉ መንፈስ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። ከተደጋጋሚ ሐዘን በኋላ ለተወለደ ልጅ ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ የሚል ስም የማውጣት ልማድ ቤተሰቡ የደረሰበትን ኀዘን የሚያመለክት ነው። ከዚህም አልፎ እናቲቱ እንደ ጥፋተኛ የምትቆጠርበትና ትዳር የሚፈርስበት አጋጣሚ አለ። ይሁን እንጂ ችግሩ ከእናትና ከጽንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም የሚመነጭ፣ ምክንያቱ የታወቀና በወቅቱ ከተደረሰበትም መከላከል የሚቻል የጤና እክል ነው።

የችግሩ መንስኤ

ቀይ የደም ሴል ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ መላ ሰውነት የሚያመላልስ ሲሆን፣ በጤናማ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ለ120 ቀናት ያህል ይቆያል። ያረጁ ሴሎች በዋናነት በጣፊያና በጉበት አማካይነት እየተወገዱ በአዳዲስ ይተካሉ። ሴሎቹ ከዕድሜያቸው ቀድመው በብዛት ሲወድሙና የመቅኔ የማምረት አቅም ጉድለቱን መሸፈን ሲያቅተው ደም ማነስ ይከሰታል። ከፈራረሰው ሴል የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ሲከማች ደግሞ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ። እንደ ጓንጓ ባሉ ወባማ አካባቢዎች ቀይ የደም ሴልን የሚያወድመው አንዱ ምክንያት በሴሉ ውስጥ ተራብቶ ሴሉን የሚያፈነዳው የወባ ተውሳክ ነው። በሾተላይ ጊዜ ግን ሴሎቹን የሚያጠቃው ተውሳክ ሳይሆን የእናትየዋ የመከላከያ ኃይል ነው።

የሰው ደም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ከሚለው ክፍፍል ሌላ አር ኤች ፖዘቲቭና አር ኤች ኔጋቲቭ ተብሎ ይለያል። ልዩነቱ «ዲ» የተባለው ፕሮቲን በሴሉ ግድግዳ ላይ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ከመቶ ኢትዮጵያውያን መካከል አር ኤች ኔጋቲቭ የሆኑት ከአስር የማይበልጡ ሲሆን፣ ከአውሮፓውያን ግን 15 ያህሉ ናቸው።

እናት ኔጋቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ጽንሱ የአባቱን የደም ዓይነት ሊወርስ ይችላል። በእርግዝና ወቅት የሁለቱ ደም በአብዛኛው ተለያይቶ ይቆያል። በወሊድ፣ በውርጃ ወይም በሆድ ላይ በሚደርስ አደጋ ጊዜ ግን የጽንሱ ደም ወደ እናትየዋ ይገባል። ሰውነቷም ይህን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የማይደርስበት፣ እነዚህ አካላት በብዛት ከመመረታቸው በፊት ስለሚወለድ ነው። በቀጣዩ እርግዝና ግን እንግዴ ልጁን አልፈው ወደ ጽንሱ በመግባት ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈራርሳሉ። ጉዳቱ በየእርግዝናው እየበረታ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጽንሱ በደም ማነስ ሳቢያ ልቡ ሊደክምና ሰውነቱ ውኃ ሊቋጥር፣ በማህፀን ውስጥም ሊሞት ይችላል። በሕይወት የተወለደው ደግሞ ጉበቱ ገና ያልጠነከረ በመሆኑ ቢሊሩቢኑን ማስወገድ ይሳነዋል። መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ወደ አንጎል ዘልቆ ለመስማት መሳን፣ ለአካል ጉዳት ወይም ለሞት ይዳርጋል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ፀሐይ እየሞቀ በቤት ሊቆይ አይገባም። በአስቸኳይ ሆስፒታል ደርሶ የብርሃን ሕክምና ማግኘት፣ ሲከፋም ደሙ መለወጥ ይኖርበታል።

መከላከያው

የአር ኤች የደም ዓይነት የተለየው እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ በተካሄዱ ጥናቶች ነው። መከላከያውም በእንግሊዝ ሊቨርፑልና በአሜሪካ ኒውዮርክ ተመራማሪዎች ጥረት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ለአገልግሎት በቃ። በተለምዶ «የሾተላይ መርፌ» የሚባለው ይህ አንቲ ዲ፣ ወደ እናትየዋ የገቡትን የጽንሱን ሴሎች ሰውነቷ ሳይለያቸው በፊት ያስወግዳቸዋል። የሚዘጋጀው ከሰዎች በልገሳ ከሚገኝ ፕላዝማ ነው። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 2018 ድረስ 1 ሺህ 173 ጊዜ በመለገስ ለዚህ መድኃኒት ዝግጅት ያደረጉት አስተዋጽኦ በዓለም ይታወቃል።

መርፌው በ28ኛው የእርግዝና ሳምንትና፣ ሕፃኑ ፖዘቲቭ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ይሰጣል። ከውርጃ በኋላም ያስፈልጋል። መርፌው ካልተሰጠ ለችግሩ ከተጋለጡ መቶ እናቶች 16 ያህሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ሲያመርቱ፣ ከወሊድ በኋላ ብቻ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ 1.5፣ በእርግዝና ወቅት ሲጨመርበት ደግሞ ከ0.5 በታች ይወርዳል። ሆኖም ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካላቱን አስቀድሞ ያመረተ እናት ከመርፌው ጥቅም አታገኝም። እርግዝናዋ በከፍተኛ ሆስፒታል በቅርብ ክትትል ሊያዝ ይገባል። በተጨማሪም ተደጋጋሚ የጽንስ ሞት ሁሉ ሾተላይ አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ወባና ቂጥኝም ተመሳሳይ ጉዳት የሚያደርሱ በመሆናቸው ምክንያቱ በምርመራ መለየት አለበት።

ከተቋማት የሚጠበቀው

የ72 ሰዓቱ ገደብ ጉዳዩን ከሕክምና አልፎ የአስተዳደር ሥራ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተከናወኑት ወሊዶች 48 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የነበረው 26 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ዕድገቱ ከፍተኛ ነው። ያም ሆኖ በቤቷ የወለደች ኔጋቲቭ እናት የደም ዓይነቷን ሳታውቅ ሦስቱ ቀናት ያልፉባታል።

በመሆኑም የደም ዓይነት ምርመራ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን መደረግና ውጤቱ በእናትየዋ ካርድ ላይ በግልጽ መመዝገብ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነፍሰ ጡሮችን ቀድመው ሲለዩ፣ የጤና ጽሕፈት ቤቶችም የመመርመሪያ ኬሚካልና አንቲ ዲ እንዳይቋረጥ አስቀድመው ማቀድ ይኖርባቸዋል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ በመሆኑ የማቀዝቀዣና የመብራት ጉዳይም በዕቅዱ ሊካተት ይገባል። የመንግሥት ሠራተኞችም የደም ዓይነታቸውን በማወቅና በየጊዜው ደም በመለገስ፣ በተለይም ኔጋቲቭ የሆኑት፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ሕይወት የበኩላቸውን ማበርከት ይችላሉ።

ባልም ከሚስቱ ጋር ቀርቦ መመርመሩ ሌላው ጠቃሚ እርምጃ ነው። ሾተላይ ከሁለት ጤነኛ ሰዎች የደም ዓይነት ልዩነት እንጂ ከእናት ጥፋት የሚመጣ አለመሆኑን ኅብረተሰቡ ሲረዳ፣ ሐዘን የደረሰባት እናት ወቀሳን ሳትፈራ ወደ ጤና ተቋም ትመጣለች።