ነጻ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፤ ዕቃው ያለ ዋጋ፥ ኪራዩ በተቀባዩ

ማንኛውም አስመጪ እንደሚያውቀው፥ አንድ ዕቃ ከፋብሪካው ደጃፍ በነጻ ተሰጠ ቢባል እንኳ አዲስ አበባ መጋዘን እስኪገባ ድረስ የመርከብ ኪራይ፥ የኢንሹራንስ፥ የቀረጥና የትራንዚት ወጪ ይከተለዋል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይመለስም፤ «መጋዘኔ ሲገባ ስንት ይወጣብኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ የምናቀርበው ዕቃ ግን በሚዛንም በሜትርም የማይለካ ነው። ይኸውም ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራኖቻቸው በክፍል ውስጥ የሚሰጡትን ሌክቸር በድምፅና በሥዕል ቀርጸው፥ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ እንዲከታተለው በኢንተርኔት የለቀቁት ትምህርት ነው። ይህም እንደ ሌላው ዕቃ ሁሉ የኪራይ ሒሳብ አለውና፥ ሒሳቡን ለነጋድያን አንባብያን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፥ ቀን በቢሮና በመደብር የሚውሉ ሰዎች በማታ ትምህርት ከመምህራን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ መጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ዕድል ለከተማ ነዋሪ፥ ክፍያውን ለሚችልና መግቢያውን ላሟላ ሰው ብቻ ነበር። በእንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ትምህርቱን በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማሰራጨት ሲጀምር አጥሩ ጥቂት ዝቅ አለ። አጥሩ የፈረሰው ግን ኤም አይ ቲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 የትምህርቶቹን ሰነድ ሁሉ ለዓለም በነጻ አወጣለሁ ብሎ ባስታወቀ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ50 ትምህርቶች ጀመረ፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ2,500 አልፏል። የዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በ7 ትምህርቶች ተከተለ፤ የሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶችም ተባብረው ብዙ ሺህ ሰዓት የሚፈጅ የምሕንድስና ሌክቸር አወጡ።

እዚህ ላይ ነጋዴ የሆነ ሰው «ሻጩ ምን አተርፍ ብሎ ይሰጣል?» ብሎ መጠየቁ የተገባ ነው። የኤም አይ ቲ ሰዎችም ራሳቸው በመጀመሪያ ትምህርቱን በኢንተርኔት እንዴት እናቅርብ ብለው ኮሚቴ አቋቁመው ነበር፤ ኮሚቴው ሒሳቡን ሠርቶ በሽያጭ የሚገኘው ትርፍ አጥጋቢ እንዳልሆነ ካየ በኋላ በነጻ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። በእኛ አስተያየት ይህ የሞኝ ውሳኔ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚሸጠው ዲግሪውን፥ ፈተናውንና መምህሩ ለተማሪው የሚሰጠውን ጊዜ ነው፤ ሌክቸሩ እንደ ናሙና ነው። ናሙና በነጻ መስጠት ደግሞ በመርካቶ ያለ ቅመም ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ጥራት እንምጣ። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በግንቦት 1999 ዓ.ም. በታንዛንያ በአሩሻ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ስለ ምርት ገበያ ንግግር አደረጉ። የአንዱ አውራጃ ትርፍ እህል ረኀብ ወዳለበት አውራጃ የማይደርሰው ለምን እንደ ሆነ፥ ገበሬውና ነጋዴው ዋጋ ሳያውቁ፥ ተማምነው ሳይዋዋሉ ሲገበያዩ ምን እንደሚጠፋ፥ ለዚህም ምን ዓይነት ገበያ እንደሚያስፈልግ ገለጡ። ንግግሩ ተቀርጾ ማንም ያለ ክፍያ የሚሰማው ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ቡናም በዚያው ይሸጥ ጀመር። ያን አጭር ንግግር አስቀድሞ የሰማ የቡና ነጋዴ፥ የንግዱ ሥርዓት በምን ምክንያትና በየት በኩል እንደሚለወጥ ከባልንጀሮቹ ቀድሞ ሊያስብበት ይችል ነበር።

ለላኪ የሚጠቅም ሌላ ዕቃ የዬሉ ፕሮፌሰር ሮበርት ሺለር ስለ ፋይናንስ ገበያ የሰጡት ተከታታይ ሌክቸር ነው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ናቸው። ኢንሹራንስ ከምን ሐሳብ እንደ ተነሣ፥ ወደፊት ለሚረከቡት ምርት ዛሬ ዋጋ መቁረጥ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ሰው በገበያ ውስጥ ስለምን በሆታ እንደሚነዳ በቀላል አነጋገር ያስረዳሉ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፥ «ይህ ዋጋ የቡናው ነው ወይስ የተስፋው?» ብሎ ለመጠየቅ እንዲህ ያለ ትምህርት ይረዳል።

አስመጪውንም አንረሳም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዱቤ ዕቃ አስገብቶ የነበረ ሰው ዕዳው በብር ሲቆጠር ምን እንደ ሆነበት ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መተረክ አያሻም። ዜናው የሆነውን ነገረን፤ የሆነበትን ምክንያት ግን በየቡና ቤቱ እያንዳንዱ እንደ መሰለው ይተረጉመው ነበር። የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ሪካርዶ ካባዬሮ ስለ ማክሮ ኢኮኖሚክስ በሰጡት ሌክቸር የምንዛሪ ዋጋ፥ ወለድና የአገር ንግድ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚሳሳቡ ደረጃ በደረጃ ይገኛል። ይህን የተከታተለ ሰው ነገ የሚሆነውን ዋጋ አያውቅም፤ ነገር ግን የዱቤ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀውን ጥያቄ ያውቃል። በአንድ ኮንቴይነር ላይ የዚህ ጥያቄ ዋጋ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ የኪራዩ ሒሳብ ይህ ነው። በሥዕል የተቀረጸ ሌክቸር በአነስተኛ ጥራት ቢከታተሉት በሰዓት እስከ 300 ሜጋባይት ሊፈጅ ይችላል፤ ድምፁን ብቻ ቢያወርዱት ግን በግምት 30 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 30 ሰዓት የሚፈጅ ሙሉ ትምህርት በሥዕል 9 ጊጋባይት፥ በድምፅ 900 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ዬል ድምፁን ለብቻው ያቀርባልና ንግግር ለሚበዛበት ትምህርት ይህ ይበቃል። ሰሌዳ ላይ ሒሳብ የሚጻፍበት ከሆነ ግን ያለ ሥዕሉ አይሆንም፤ ያን ጊዜ በሌሊት ጥቅል ማውረድ ይሻላል።

ከኢንተርኔቱ ይልቅ የሚከብደው ቋንቋው ነው። ሌክቸሮቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። በመሣሪያ የሚሠራ የአማርኛ ትርጉም ከሥዕሉ ግርጌ እንዲወጣ ማድረግ ቢቻልም፥ የንግድ ቃል ሲያጋጥመው ይሰናከላል፤ በእንግሊዝኛ ወለድና ፍላጎት በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፥ «የባንክ ወለድ» ሊባል የሚገባው «የባንክ ፍላጎት» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እኔ በምሠራበት በዘነበወርቅ መደብር የተገኘው መፍትሔ ይህ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚሻለው ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ ሰምቶ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ለሌሎቻችን በአማርኛ ይተርከዋል። ባለመደብሩ እየደጋገሙ ስለሚጠይቁት ልጁ ሳይገባው ያለፈው ነገር የለም።

ሦስተኛው ኪራይ ጊዜ ነው። ሠላሳ ሰዓት በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢከፋፈል አሥር ሳምንት ይሆናል፤ ይኸውም ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት በክረምቱ ወራት የሚያልቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተጀመረውን «ፕላዝማ» ያየ ሰው የተቀረጸ ትምህርት ሲባል ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም፤ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ተማሪው ገባውም አልገባውም በራሱ ደቂቃ ይሄድ ነበር፤ መብራት ከጠፋም ትምህርቱ አለፈ። ይህኛው ግን በአድማጩ እጅ ነው፤ ያቆመዋል፥ ይመልሰዋል፥ ደንበኛ ሲመጣ ትቶት ይነሣል።

ዕውቀት በአጥር ሲከለል ገበያን እንዴት እንደሚጎዳ የዘነበወርቅ ሠፈር በቂ ምስክር ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ማሠልጠኛ ተቋቁሞ ከልዩ ልዩ የአፍሪቃ አገሮች የመጡ ሐኪሞች ተማሩበት፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የበሽታውን ጀርም እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም የምርምር ተቋም ተጨመረ። በግቢው ውስጥ በሽታው የዘር እርግማን አለመሆኑ ይነገር ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የመድኃኒት ቅንብርም ሕመምተኛውን ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ያድናል። ከግቢው ውጭ ግን በሠፈሩ የተሠራውን ጥልፍና ሽመና ለመንካት እጁን የሚሰበስብ ገበያተኛ አልጠፋም፤ በዚህም የእጅ ሥራው ዋጋ ያለ ጥፋቱ ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ የሐኪሞቹን ሌክቸር የሚሰማው በክፍሉ የተቀመጠው ብቻ ነበር። ዛሬ ስለ ተላላፊ በሽታ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ሌክቸር ባለሱቁም፥ ጥልፍ ገዢውም በስልኩ ሊሰማው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ነጻው ሌክቸር ዲግሪ እንደማያስገኝ መታወቅ አለበት። የኤም አይ ቲንም ሆነ የዬልን ሌክቸር የጨረሰ ሰው ለሥራ ማመልከቻ የሚያያይዘው ወረቀት አያገኝም። የምስክር ወረቀት የሚሻ ላኪ፥ ጄኔቫ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል ለአነስተኛና ለመካከለኛ ነጋድያን ያዘጋጀውን ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ቢመለከት ይሻለዋል፤ ስለ ኤክስፖርት፥ ስለ ጥራትና ስለ ማሸጊያ የሚያስተምረው ለሥራው ቅርብ ነው። ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተውን የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት መሞከር ይችላል፤ ከዘነበወርቅ ግን የታክሲ ሒሳብ ይጨመርበታል።

በመጨረሻም ሙዚቃና ፊልም በፍላሽ ለሚሞሉ ባለሱቆች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ሌክቸሮቻቸው እንዲገለበጡና ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፉ ፈቅደዋል፤ ለንግድ መጠቀሚያ እንዲሆኑ ግን አልፈቀዱም። ስለዚህ ለደንበኛ በነጻ መገልበጥ ይቻላል፤ ፍላሹን መሸጥም የባለሱቁ መብት ነው፤ በሌክቸሩ ላይ ግን ዋጋ አይጨመርም።