ብይና ዶቃ፦ በብርጭቆ ውስጥ ያለ ጥለት እንዴት ይነበባል?



በእጄ የያዝኋት ብይ ናት። ብዙዎቻችን በደብረ ብርሃን ብርድ ጣታችን እየደነዘዘ፣ አፈር ላይ ተንበርክከን ተጫውተንባታል። ዛሬ ግን እንደ ታሪክ ሰነድ እንድናነባት እጋብዛችኋለሁ።

ከአውሮፓ የብርጭቆ ብይ ማዕከላት ዋናዋ በጀርመን የቱሪንጊያ ተራሮች የምትገኘው ላውሻ ናት። በላውሻ የብርጭቆ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1597 ሲሆን፣ ብይ በብዛት መሠራት የጀመረው በ1840ዎቹ፣ ጫፉ እንደ ጭልፋ የጎደጎደ ልዩ መቀስ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። ባለሙያው ባለቀለም የብርጭቆ ክሮችን በጠራ ብርጭቆ ይሸፍናል፤ ገና ትኩስ ሳለ እየሳበና እየጠመዘዘ ዘንግ ያደርገዋል፤ ከዚያም ዘንጉን በመቀሱ እያድቦለቦለ ይቆርጣል። ስለዚህ በብይዋ ውስጥ የምናየው ጥምዝ የባለሙያው እጅ የዞረበት አሻራ ነው።

አሮጌ ብይ ስናነብ አስቀድመን ጫፎቿን እንመርምር። በእጅ የተሠራች ከሆነች ከዘንጉ የተቆረጠችበት ሻካራ ጠባሳ ይገኝባታል። ቀጥሎ እምብርቷን እንይ፤ ነጭ ክሮች እንደ መረብ የተጠላለፉበት፣ እንደ ጥብጣብ የተዘረጋ፣ ወይም ድፍን ቀለም ያለው ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ወደ ላይኛው ገጽ የቀረቡትን ክሮች እንቁጠር፤ በመካከላቸው የመዳብ ብልጭታ የሚታይባቸው ብይዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋሉ። በልጅነታችን የምናውቃት፣ በጠራ ብርጭቆ ውስጥ የድመት ዓይን የመሰለ ቀለም ያላት ብይ ግን ጠባሳ የላትም። እርሷ የማሽን ሥራ ናት፤ ዓይነቷም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጃፓን የተስፋፋ ነው።

ይህ ሁሉ ከአንኮበር ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚያገናኘው ያ የብርጭቆ ዘንግ ነው። በቬኒስ አጠገብ ባለችው ሙራኖ ደሴት፣ ብዙ ዓይነት ዶቃ የሚሠራው በተመሳሳይ ጥበብ ነበር። በትኩሱ ብርጭቆ ውስጥ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄዱ ይስቡታል፤ የተገኘው ቀጭን ቱቦ ሲቆራረጥ ዶቃ ይሆናል። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ታላቅ ገበያ ነበረች። ሲራራ ነጋዴዎች ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ እያቋረጡ ከባሕር ማዶ የመጣ ሸቀጥ ያደርሱባት ነበር፤ ዶቃም ከሸቀጡ አንዱ ነው። በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር፤ የላውሻው መቀስ በተፈለሰፈበት አሥር ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በወጣትነቴ በዚያ አካባቢ ከሚገኙ ገበያዎች አሮጌ ዶቃዎችን እየገዛሁ በአንድ ጣሳ አጠራቀምሁ። ከማን እንደገዛኋቸው፣ ከየትኛው ቤት እንደወጡ አንድም ቃል አልጻፍሁም። ዛሬ አጉሊ መነጽር ይዤ የትኛው በመሳብ፣ የትኛው በመጠቅለል እንደተሠራ ልነግራችሁ እችላለሁ። የትኛው በሙሽራ አንገት፣ የትኛው በሕፃን እጅ ታስሮ እንደነበረ ግን አላውቅም፤ ሊነግሩኝ ይችሉ የነበሩት እናቶችም ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥለቱ የሠሪውን እጅ ያሳየናል፤ የባለቤቷን ታሪክ የሚነግረን በጊዜው የተጻፈ ቃል ብቻ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ በየቤታችሁ ያለውን ዶቃ ከመግዛትና ከመሰብሰብ በፊት ጠይቁ። ስሙን በባለቤቷ አነጋገር መዝግቡ፤ ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ አንሡት፤ ከዚያም እዚያው ከባለቤቷ ዘንድ ተዉት። አያቶቻችሁ ዛሬ አሉ፤ ብርጭቆው ግን መቶ ዓመትም ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ከዶቃው አስቀድሞ ወደ እነርሱ ሂዱ።